ገና ያልተሠራ ሪዞርት ገዛን፤ ባለቤቴ «ርስት ነው» ይላል

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ የጭነት መኪና ያሽከረክራል። ሦስት ልጆች አሉን። በቅርቡ ትምህርት ሲዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦርላንዶ ወሰድናቸው። ባረፍንበት ሆቴል በር ላይ አንድ ትሑት ወጣት የ90 ደቂቃ ገለጻ ብንሰማ የመዝናኛ ፓርክ ትኬት በነጻ እንደሚሰጠን ነገረን። ዘጠና ደቂቃው አምስት ሰዓት ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከዚያ አዳራሽ ስንወጣ ታይምሼር የሚሉትን፣ በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ ሪዞርት ውስጥ የማረፍ መብት፣ ገዝተን ነበር። ሪዞርቱ ገና አልተሠራም። ከሁለት ዓመት በኋላ ይከፈታል፣ እስከዚያው በሌሎቹ ሪዞርቶቻቸው እናርፋለን ተብለናል። ዋጋው 20,000 ዶላር ነው። 2,000 በክሬዲት ካርድ ከፈልን፤ የቀረው 18,000 በ15 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ይከፈላል። በየዓመቱ ደግሞ 1,150 ዶላር የጥገና ክፍያ አለ። ሻጩ ‹ሲከፈት ዋጋው ይጨምራል፣ ባትሄዱበት ታከራዩታላችሁ፣ በዓለም ላይ ያሻችሁበት ታርፋላችሁ› ብሎናል። ባለቤቴ ‹ለልጆቻችን ርስት ያዝንላቸው› እያለ ደስታውን አልቻለውም። እኔ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ተታለናል? መውጣትስ ይቻላል? ‹ይቅርብን› ብለው ደግሞ ቤታችን እንዳይረበሽ እፈራለሁ።

እንቅልፍ ያጣች፣ ከአሌክሳንድሪያ»

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመን ቀኑን እንቁጠር። የፈረማችሁት ቅዳሜ ነው፤ ይህን የምጽፍልዎ ሐሙስ ነው። በፍሎሪዳ ሕግ ታይምሼር የገዛ ሰው ከፈረመበት ቀን በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ፣ ያለ ቅጣትና ምክንያት ሳይጠየቅ፣ ውሉን መሰረዝ ይችላል። በሕግ ሊሰጠው ከሚገባው ሰነድ አንዱ ዘግይቶ ከደረሰው ቆጠራው የሚጀምረው ያንን ከተቀበለበት ቀን ነው፤ እርስዎ ግን በዚህ ተስፋ አይዘናጉ። እሑድም በዓልም ይቆጠራል። አሥረኛው ቀን የፊታችን ማክሰኞ ነው። መውጣት ይቻላል ማለት ነው፤ ከማክሰኞ በኋላ ግን ይህን ያህል በቀላሉ አይቻልም።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ከሰጧችሁ የወረቀት ክምር ውስጥ ውሉን ያውጡና ጎላ ባለ ፊደል ስለ መሰረዝ የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። ሕጉ እንዲጻፍ ስለሚያስገድድ መኖሩ አይቀርም። ደብዳቤው የሚላክበት አድራሻ እዚያው አጠገብ አለ። በእንግሊዝኛ አንድ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ የሁለታችሁን ስም በውሉ ላይ እንደሰፈረው፣ የውሉን ቁጥር፣ የተፈረመበትን ቀን፣ ከዚያም «ይህን ውል ሰርዘናል፤ የከፈልነው ይመለስልን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ምክንያት አይጻፉ። ይቅርታም አይጠይቁ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ፖስታ ቤት ሄደው ሰርቲፋይድ ሜይል በሚባለው፣ የተቀባይ ፊርማ በሚመለስበት መንገድ ይላኩ፤ የደብዳቤውን ቅጂና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ልክ እንደ ልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ያስቀምጡ። በፍሎሪዳ ሕግ ስረዛው የሚጸናው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ እነሱ እስኪቀበሉት መጠበቅ የለብዎትም። ገንዘቡን ደግሞ ማስታወቂያው በደረሳቸው በ20 ቀን ውስጥ፣ በቼክ የከፈላችሁት ካለም ቼኩ ከተመነዘረ በኋላ ባሉት 5 ቀናት ውስጥ፣ ከሁለቱ በዘገየው ይመልሳሉ።

በስልክ አይሰርዙ። ቢደውሉላችሁ፣ መደወላቸውም አይቀርም፣ «ችግር የለም፣ እኛ እናስተካክለዋለን» የሚለው ጣፋጭ ድምፅ አሥረኛውን ቀን ለማሳለፍ ሊሆን ይችላል። «የመሰረዝ መብታችሁን ትታችሁ ፈርማችኋል» ቢሏችሁም አይደንግጡ፤ በፍሎሪዳ ይህን መብት በፊርማ መተው አይቻልም፣ ቢፈረምም ዋጋ የለውም። አንድ ነገር ደግሞ ያጣሩልኝ፤ 2,000 ዶላሩ የተከፈለው በራሳችሁ ካርድ ነው ወይስ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በስማችሁ በተከፈተ አዲስ ካርድ? ሁለተኛው ከሆነ ካርዱም መዘጋት አለበት።

ፍሎሪዳ ያልፈረማችሁ አንባቢዎች የእርስዎን ቀን አይከተሉ። ቨርጂኒያ 7 ቀን፣ ሜሪላንድ 10 ቀን፣ ላስ ቬጋስ ያለባት ኔቫዳ 5 ቀን ብቻ ይሰጣሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም ሻጩ ቅድመ ክፍያ እንዳይቀበል ተከልክሏል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ፦ ተታለናል ወይ?

ቃሉ ትንሽ ከበድ ይላል። ታይምሼር በአሜሪካ ሕጋዊ ንግድ ነው፤ ትልልቅ የሆቴል ስሞች የሚነግዱበት፣ ሕግ የወጣለት። ሻጩ በአፉ የተናገረውና ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውሉን ሲያነቡ «ከዚህ ሰነድ ውጭ በቃል የተነገረ ነገር አልተማመንኩበትም» የሚል አንቀጽ ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ። «ይህን ለትርፍ አልገዛሁም» የሚልም አይጠፋም። «ዋጋው ይጨምራል» ያለው ሰው ራሱ «ዋጋው ይጨምራል ብሎ የነገረኝ የለም» የሚል ወረቀት አስፈርሟችሁ ሊሆን ይችላል። ዋጋው መጨመሩን ማየት ከፈለጉ ዛሬ ማታ ኢቤይ ላይ ገብተው ይፈልጉ፤ በሺዎች ተገዝተው አሁን በአንድ ዶላር የሚሸጡ ታይምሼሮች ያገኛሉ። ባለቤቶቹ የሚሸጡት ለገንዘቡ ብለው አይደለም፤ ከዓመታዊው ክፍያ የሚገላግላቸው ሰው ፍለጋ ነው።

እርስዎ አዳራሽ ውስጥ አምስት ሰዓት የተቀመጡት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። እኔም ከዓመታት በፊት ላስ ቬጋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ቡና ቀርቦልኛል፣ ለልጄ አይስክሬም መጥቶለታል፣ ሻጩ የእናቴን ጤና ሳይቀር ጠይቆኛል። ሦስት ጊዜ «አይሆንልኝም» ስል ሦስት ጊዜ ሌላ አለቃ መጣ፤ በመጣ ቁጥርም ዋጋው ወረደ። የከበደኝ ገንዘቡን ማሰብ ሳይሆን ከወንበሬ መነሣት ነበር። እኛ ያበላንን ሰው ፊት ነሥተን መውጣት አልለመድንም። እንግዳ የተቀበለን ሰው ላይ ጨክኖ «አይ» ማለት ነውር ሆኖ አድገናል። እነዚያ ሰዎች አማርኛ አያውቁም፤ ይሉኝታን ግን ከእኛ በላይ ያውቁታል፣ የሚሸጡትም በእሱ ነው። እኔን ያዳነኝ ጀግንነት አይደለም። ልጄ እምቢ ብሎ ማልቀስ ስለጀመረ ነው የወጣሁት፤ ስወጣም በር ላይ «አስተያየት ይስጡን» ያለችኝ ሴት ሌላ አነስ ያለ ጥቅል ልትሸጥልኝ ሞክራለች።

የእናንተ ጉዳይ ደግሞ ከእኔ የሚብስበት ነገር አለው፤ ሕንፃው የለም። ያያችሁት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሞዴልና በኮምፒውተር የተሣለ መዋኛ ገንዳ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸው ነው። ባለቤትዎ አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ ቢገዙ ኖሮ ወንድማቸውን ልከው መሠረቱ መውጣቱን፣ ካርታው መኖሩን ያስጠይቁ ነበር። ቅድመ ክፍያ ከፍሎ ቁልፉን ለዓመታት የጠበቀ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በመካከላችን ስንት አለ? ኦርላንዶ ሲሆን ግን ምንጣፉ ስለሚያንጸባርቅ ያን ሁሉ እንረሳዋለን።

እርግጥ የፍሎሪዳ ሕግ በዚህ ጠንከር ይላል። ግንባታው ያላለቀ ታይምሼር ሲሸጥ የገዢው ገንዘብ እስኪጠናቀቅ ድረስ በሌላ ወገን እጅ በአደራ መቀመጥ፣ ወይም ኩባንያው በምትኩ ሌላ ዋስትና ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ብሩ ይጠፋል ብዬ አላስፈራራዎትም። የሚጠፋው ጊዜው ነው። ዲዝኒን ያህል ድርጅት በ2018 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኦርላንዶ አጠገብ አዲስ የሐይቅ ዳር ሎጅ እሠራለሁ ብሎ በ2022 እንደሚከፈት አስታወቀ። በ2020 ወረርሽኙ መጣ፤ ሥራው ቆመ። ፕሮጀክቱ በሌላ ስም እንደገና ተነሥቶ መክፈቻው ለ2027 ተቀጥሯል። ዲዝኒ እንዲህ ከሆነ የእናንተ «ሁለት ዓመት» ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል ያስቡት።

ባልተሠራ ሪዞርት ላይ ሌሎች ገዢዎች የማይጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ 1,150 ዶላሩ የማን ቁጥር ነው? ሕንፃው ገና ሠራተኛ፣ የመድን ዋስትና፣ የመብራት ቢል የለውም። ቁጥሩ ግምት ነው። ብዙ ጊዜ ሽያጩ እስኪያልቅ ድረስ ገንቢው ራሱ ጉድለቱን እየሞላ ክፍያውን ዝቅ አድርጎ ያቆየዋል። ክፍሎቹ ተሸጠው ሲያልቁ ገንቢው እጁን ያነሣል፣ ሒሳቡም በባለቤቶቹ ትከሻ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ቢያፈስ፣ አውሎ ነፋስ መጥቶ መድን ያልሸፈነው ጉዳት ቢደርስ፣ ተጨማሪ መዋጮ የሚጠየቁት እናንተ ናችሁ። ፍሎሪዳ የአውሎ ነፋስ አገር መሆኗን ሻጩ የነገራችሁ አይመስለኝም።

አሁን ለባለቤትዎ የሚያሳዩትን ሒሳብ ልሥራልዎ። 18,000 ዶላር በ15 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ሲከፈል በወር 290 ዶላር ገደማ ነው፤ ሲጠቃለል 34,800። ከቅድመ ክፍያው ጋር 36,800 ይሆናል። የጥገና ክፍያው በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨምር በአሥሩ ዓመት 14,500 ገደማ ይወጣል። ድምሩ 51,300 ዶላር ነው። በየዓመቱ አንድ ሳምንት አሥር ጊዜ ብታርፉበት ሳምንቱ 5,130፣ አንዲቷ ሌሊት 730 ዶላር ትደርሳለች፤ አውሮፕላኑም፣ ምግቡም፣ የፓርኩ ትኬትም ሳይገባ። የወር ክፍያው ከሚቀጥለው ወር የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው በር ሳይከፈት 7,000 ዶላር ያህል ትከፍላላችሁ። ባለቤትዎ አጠገብ ተቀምጠው በኢንተርኔት በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ሳምንት፣ ለአምስት ሰው ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ስንት እንደሚከራይ ይፈልጉ። ከዚያ እርስዎ ዝም ይበሉ።

«ያሻችሁበት ታርፋላችሁ» የሚለውም ተመልሶ መታየት አለበት። በዛሬው ታይምሼር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የተወሰነ ሳምንት ሳይሆን ነጥብ ነው፤ በነጥቡ ቦታ ለመያዝ ከሌሎቹ ባለነጥቦች ጋር ይሽቀዳደማሉ። ለምሳሌ የዲዝኒ ታይምሼር በሆነው በዲዝኒ ቫኬሽን ክለብ አባሉ በገዛበት ሪዞርት ከ11 ወር አስቀድሞ፣ በሌሎቹ ከ7 ወር አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይችላል። በጣም የሚፈለጉት ቀናት ቦታ መያዝ በተጀመረበት ዕለት ሊያልቁ ይችላሉ። ልጅ ያለው ሁሉ የሚፈልገው እናንተ የምትፈልጓትን ሳምንት ነው፤ በዚያች ሳምንት የሚጠየቀው ነጥብም ከፍ ይላል። አርሲአይና ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል በሚባሉት የልውውጥ ድርጅቶች ወደ ሌላ አገር ሪዞርት መቀየር ይቻላል፤ ለአባልነቱም ለእያንዳንዱ ልውውጥም ለየብቻ ይከፈላል፣ የሚገኘውም በዚያ ወቅት ሌላው ሰው የተወው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የፈረማችሁበት ነገር ገንዘብ ሳይሆን የዓመት ፈቃድ ነው። የእርስዎ ሥራ በዓመት ስንት ቀን ይሰጥዎታል? እናትዎ አገር ቤት ካሉ ለገና ወይም ለጥምቀት መሄድ ይፈልጋሉ። በአሜሪካ በጋ ደግሞ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ውድድር አለ፤ በየዓመቱ ከተማው ይለዋወጣል፣ ኦርላንዶ እስኪደርስ ትጠብቃላችሁ? ሰርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ ይመጣል። የጭነት መኪና የሚያሽከረክር ሰው ከ11 ወር በፊት ቀን ቆርጦ ቦታ ሲይዝ አይታየኝም።

የሚያዋጣቸው ሰዎች የሉም አልልም። በየዓመቱ በአንድ ወቅት አንድ ቦታ የሚሄድ፣ የዓመት ፕሮግራሙን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ በብድር ሳይሆን በእጁ ባለ ገንዘብ፣ ከመጀመሪያው ሻጭ ሳይሆን ከሌላ ባለቤት በርካሽ የገዛ፣ በደስታ የሚጠቀም ቤተሰብ አውቃለሁ። ሪዞርቱ ልባችሁን ከወሰደው ይሠራ፣ ይከፈት። ከዚያ ከአንዱ ባለነጥብ አንድ ሳምንት ተከራይታችሁ ሂዱ። ፎጣው ንጹሕ መሆኑን፣ አሳንሰሩ መሥራቱን፣ ገንዳው በሥዕሉ ላይ የነበረውን ያህል መሆኑን እዩ። ከሁለት ዓመት በኋላም የሚሸጥላችሁ ሰው አይጠፋም፤ «ዛሬ ብቻ» የተባለው ዋጋ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይኖራል።

ይህን የሚያነቡ፣ ቀኑ ያለፈባቸውም ይኖራሉ። ለእነሱ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ «ከታይምሼር እናወጣችኋለን፣ መጀመሪያ ክፈሉ» ብሎ ለሚደውል አትክፈሉ። በመጀመሪያ ሪዞርቱን ራሱን ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ዕዳው የተከፈለበትን ታይምሼር መልሰው ይረከባሉ። በተለይ ሜክሲኮ ውስጥ ታይምሼር ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤትና ኤፍቢአይ በ2024 የሜክሲኮ የአደንዛዥ ዕፅ ቡድኖች «ገዢ አግኝተንላችኋል፣ ግብሩን አስቀድማችሁ ላኩ» እያሉ ባለቤቶችን እንደሚዘርፉ በይፋ አስጠንቅቀዋል።

የቀረው ባለቤትዎ ናቸው። «ተታልለሃል» አይበሏቸው። እሳቸው በዚያች ምሽት የገዙት ለልጆቻቸው ክብር ነው፤ ቀን ከሌሊት የሚነዳ አባት «ልጆቼ በየዓመቱ እንደ ሰው ልጅ ይዝናናሉ» ብሎ ቢደሰት የሚያስወቅስ ነገር የለውም። ርስት ያሏትን ቃል ግን አብራችሁ መርምሯት። ርስት ማለት ያበላል፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ መሬቱ ነው የሚተላለፈው። ይህ ሲተላለፍ የሚመጣው የዓመት ክፍያ ደረሰኝ ነው። ልጆቹ በሕግ «አንወርስም» ማለት ይችሉ ይሆናል፤ አባታቸው የተዉላቸውን ነገር በጠበቃ እምቢ እንዲሉ ማድረግ ግን ምን ዓይነት ውርስ ነው? ሒሳቡን በአንድ ገጽ ጽፈው ራት ከበሉ በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ ያቅርቡላቸው። ከዚያ ሌላ ሐሳብ ያምጡ፤ ያንኑ 290 ዶላር በየወሩ ለብቻው አስቀምጡት፣ ወይም ዕቁብ ግቡበት። በዓመቱ 3,480 ዶላር ይሆናል። አንድ ዓመት ኦርላንዶ፣ አንድ ዓመት አያታቸው ዘንድ። የሚሄዱበትን ደግሞ አባትየው ይምረጡ።

የፓርኩን ትኬት የተጠቀማችሁበት ከሆነ አይጨነቁ፤ ስጦታው የተሰጠው ገለጻውን ለመስማት ነው፣ እናንተም አምስት ሰዓት ሰምታችኋል።

ዛሬ ማታ ተነጋገሩ፣ ነገ ዓርብ ደብዳቤውን ይላኩ። ወደ ቅዳሜ አያሸጋግሩት፤ ብዙ ፖስታ ቤት ቅዳሜ ቀድሞ ይዘጋል፣ ባለቤትዎም መንገድ ላይ ከሆኑ ፊርማቸው አይገኝም።